ቀን ያልተጻፈበት በሶ

ጎንደር፣ አራዳ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አስማረ፣

በዓሉን እንዴት ዋላችሁ? እኛ በሰላም ፈስከናል፤ እናቴም ወገቤን ማለቷን ትታ ጎረቤት መዞር ጀምራለች። ያላችሁበትን አገር ብርዱን ያቅልላችሁ፣ መንገዱን ያቅናላችሁ ብላለች። አባቴ አወቀ ቢኖር ኖሮ እኔን ቀድሞ ይጽፍልዎ ነበር። እናቴ እንደምትለው የአጎቱን ልጆች እርስዎንና ታላቅ ወንድምዎን ሳያነሣ ቀኑ አይመሽለትም ነበር።

መደወል እየቻልሁ የምጽፈው እርስዎ ስላዘዙኝ ነው። «በስልክ ሰው ደህና ነኝ ብቻ ነው የሚለው። ወሬ ካለሽ በወረቀት ጻፊና ፎቶውን ላኪልኝ» ብለውኝ ነበር። ወሬ አለኝ።

አዘዞ ውስጥ አንድ የምግብ ባንክ አለ። ባንክ ስል ብር እንዳይመስልዎ፤ መጋዘን ነው። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች በየወሩ እየመጡ ስንቅ ይቀበሉበታል። የምታስተዳድረው እታገኘሁ የምትባል ጡረተኛ መምህርት ናት። ክረምት ሲገባ መጋዘኑ ይራቆታል፤ የሚሰጥ ሰው ሲያንስ የሚቀበለው ይበዛል። ዘንድሮ የከተማችን የፋርማሲስቶች ማኅበር ዝናቡ ሳይጠና ድንኳን ተክለን ምግብ እየሰበሰብን ልንሞላው ተነሥተናል። ሊቀመንበራችን ዐብዱረሕማን፣ ከአያቱ ጀምሮ አራዳ ላይ የነገዱት ሰዎች ልጅ፣ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህን መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳትውጡ እያልን ስንመክር ኖርን። ሆዱ የሚሞላው በምን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። እንደ ልጅዎ ቢኮሩብኝ አልጠላም።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና እጠይቅዎታለሁ። የሚችሉትን ያህል ብር ቢልኩልን ዘይትና መኮሮኒ እንገዛበታለን።

ልጅዎ ትዕግስት አወቀ


ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትዕግስት፣

ጤናሽ ይብዛ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እናትሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ ያው አውቶቡሴን እየነዳሁ ነው፤ እዚህ አገር ግንቦት ላይም ሰው ካፖርት ያደርጋል።

ደብዳቤሽን ለልጄ ሦስት ጊዜ አስነበብኋት። ሥራ ቦታም ወስጄ፣ አማርኛ ለማይሰማው ለስዊድናዊው ባልደረባዬ ተርጉሜ አነበብሁለት። «የአጎቴ ልጅ የአወቀ ልጅ ናት፤ በጎንደር ከተማ የመድኃኒት ባለሙያዎችን ሁሉ አሰልፋ ድሃ ልታበላ ነው» አልሁት። እሱም ባርኔጣውን አነሣልሽ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ነው ልጄ። ይህ ሥራ ያንቺ ነው።

ብር ግን አልልክም።

አትቀየሚ። ብር ማንም ይልካል። እኔ ከብር የበለጠ አስቤልሻለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልነግርሽም። ደጅሽ ሲደርስ ታይዋለሽ፤ ያን ጊዜ አጠገብሽ ሆኜ ፊትሽን ባየው ደስ ባለኝ። ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታና ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ።

አያ አስማረሽ


ጎንደር፣ አራዳ
ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አስማረ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ድካሜን ቢያዩት ይመርቁኝ ነበር። ቦታውንና ቀኑን ጽፌልዎት ዝም ስላሉኝ ደርሶዎት እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም። ለማንኛውም ዘመቻችን ተፈጽሟል፤ በድምቀት ነው የተፈጸመው።

ፒያሳ ላይ ድንኳን ተክለን፣ ሁላችንም ነጭ ጋውናችንን ለብሰን፣ ጠረጴዛውን እንደ ፋርማሲ ባንኮኒ አሰናዳነው። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩት፣ የዱቄት ወተት፣ የታሸገ ዘይት መጣ። ከሁሉ የሚያኮራኝ ሥርዓታችን ነው። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበት ምግብ ወደ መጋዘን አይገባም። ለድሃ ነው ተብሎ የተበላሸ ነገር የሚጣልበት ቦታ እንዳይሆን ብለን ነው። መድኃኒት ላይ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለምን ምግብ ላይ እንነፍጋለን? እታገኘሁ መጋዘኑ በመደርደሪያ ተሰድሮ ስታየው «ይኼማ ሱፐርማርኬት ሆነ» አለች።

አንድ ነገር ልንገርዎና ይሳቁ። በሁለተኛው ቀን አንድ የደጋ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ማዳበሪያ ተሸክመው ፊታችን ቆሙ። በሶ ነው፤ ከላዩ ደግሞ በቋጠሮ ሽሮ አለው። የቤት ነው እንግዲህ፣ ቀን የሚባል የለው። እኔው ተነሥቼ «አባባ፣ ቀን ያልተጻፈበት አንቀበልም» አልኋቸው። ረጅም ጊዜ ፊቴን አዩት። ከዚያ የሌሎቹንም ፊት በየተራ አዩ። «ምነው ልጄ፣ በሶ እኮ ነው» አሉ። «ደንብ ነው አባባ» አልሁ። ለመዝገቡ ያህል ስማቸውን ብጠይቅ «የሰጪውን ስም እግዜር ያውቀዋል» ብለው ማዳበሪያቸውን መልሰው ተሸከሙና ሄዱ። ማታ ስናወራው ሳቅን። ቢሆንም ደንባችን ለሰው ፊት እንደማያዳላ ያሳያል።

የእርስዎ ስጦታ ግን እስካሁን አልደረሰም። መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆን?

ልጅዎ ትዕግስት


ጎተንበርግ
ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትዕግስት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል።

ስጦታዬ ደርሶ ነበር። ያ የደጋ ሽማግሌ ታላቅ ወንድሜ ቢያዝን ነው። አባታችን ካረሱት መሬት የኔን ድርሻ በየዓመቱ ለይቶ «ያስማረ ነው» እያለ ያስቀምጥልኛል። እኔ እዚህ ሆኜ አልበላው፤ ነቀዝ ነው ሲበላው የኖረ። ዘንድሮ ለጎንደር ድሆች አውጣልኝ ብዬው ነበር። ገብሱን ሚስቱ ዝናሽ ቆልታ አስፈጨችው፤ ሽሮውን ከራሷ ጨመረች።

አሁን ስልኬን አያነሣም። አንድ ቀን ብቻ አንሥቶ «የላክኸኝ አንተ ነህ» ብሎ ዘጋው። አባታችን ከሞቱ ወዲህ የወንድሜን ድምፅ ሳልሰማ ያሳለፍሁት ሳምንት አልነበረም።

ካንቺ የምፈልገው ነገር የለም። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ብር በባንክ ልኬዋለሁ። ቀን የተጻፈበትን ግዢበት።

አስማረ


ጎንደር፣ አራዳ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አስማረ፣

ሰላም ማለት እንኳ ከብዶኝ ነው የምጽፈው። ደብዳቤዎን ባንኮኒዬ ላይ ቆሜ አነበብሁት፤ መድኃኒት የሚጠብቀው ሰው «እኅት፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። እኚያን ሰው አባባ ብዬ ነው የጠራኋቸው፤ አጎቴ መሆናቸውን አላወቅሁም። አባቴ የሞተ ጊዜ መጥተው ነበር አሉ፤ እኔ ያን ጊዜ ነፍስ ያላወቅሁ ሕፃን ነበርሁ። ፊታቸው ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። እጅግ አፍሬያለሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ለብቻዬ ባለቀስሁት። ትናንት አዘዞ ሄጄ ነበር። መኮሮኒው እንደተደረደረ ነው። እታገኘሁ ሳትቆጣ፣ እንደ መምህርት ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አብዛኞቹ አረጋውያን ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ክረምት ላይ እሳት ማቀጣጠል አይሆንላቸውም፤ ከሰልም የላቸው። ውኃ ብቻ የሚፈልግ ምግብ ነው የሚያሻቸው። «በሶ የለም ወይ?» እያሉ ይመለሳሉ። ከደጋ ደግሞ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ጥቂት ጥቂት የሚያመጡላት ሰዎች ነበሩ፤ ዘንድሮ አንድም አልመጣ። ደውላ ብትጠይቅ «የቢያዝንን የመለሱ የኛን ሊቀበሉ?» አሏት። አያ ቢያዝን ቤታቸው ገብተው ዝም አላሉም ማለት ነው፤ ዝም ይበሉም አልልም።

ለማኅበሩ አባላት ደብዳቤዎን አነበብሁላቸው። ከመካከላችን አንዱ ደንቡን እንሰርዘውና ይብቃ አለ። ዐብዱረሕማን ግን «ደንቡን መሰረዝ ቀላል ነው። ሰውየውንስ?» አለ። እንሄዳለን ተባባልን። ከከተማ ተወልጄ ከከተማ ያደግሁ ነኝና እንዴት እንደሚኬድ አላውቅም። ስጦታ እንያዝ? ካሣ ይባላል? ያስተምሩኝ።

የላኩትን ብር አልነካሁትም።

ትዕግስት


ጎተንበርግ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትዕግስት፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው። ባለፈው የጻፍሁልሽ በመራራ ብዕር ነበር፤ አሁን ይህን ያዢ።

ስጦታ እንዳትይዢ። ብር ብታወጪ ውሻውን ይለቅብሻል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ይሆናል፤ ጎረቤቱም ያያል። በሰው ፊት ያዋረዱትን በሰው ፊት ነው የሚክሱት። ደጁ ስትደርሱ ከግቢው አጥር ሥር ድንጋይ አንሥታችሁ አንገታችሁ ላይ አድርጉ። አውርዱ ሳይል አታውርዱ፤ ተቀመጡ ሳይል አትቀመጡ። እሱ ፊቱን አዙሮ ሊቆም ይችላል። ዝም በሉት። ብዙ አስረጂ ሰው አይወድም።

የማን ልጅ ነሽ ብሎ ሳይጠይቅሽ አትንገሪው። ዝምድናን የይቅርታ ጉቦ አታድርጊው።

ፋርማሲስት ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ዳባት ደጋ ሲወጣ ለማየት ዓይን ይስጠኝ። እንደናንተ ትምህርት ያለው ሰው ይህን ሲያደርግ ሰምቼ አላውቅም። ስፈራም ስኮራም ነው የሰነበትሁት።

አያ አስማረሽ


ጎንደር፣ አራዳ
ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አስማረ፣

በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ጭቃ የዳባት ጭቃ ነው፤ አልጠረግሁትም። ሰላምዎ ይብዛ፣ አሁንስ በሙሉ አፌ ሰላም እላለሁ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተን እሑድ ሌሊት ተነሣን። ሰባት ነን። ዐብዱረሕማን «ያስቀየምናቸው ጋውን ለብሰን ነው፤ ይቅርታም የምንጠይቀው ጋውን ለብሰን ነው» ስላለ ሁላችንም ነጫችንን ይዘናል። ማኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ ብዙም ሳይሄድ ጭቃ ያዘው። የቀረውን በእግራችን ወጣነው። ጉሙ ፊት አያሳይም፤ የኔ አንድ ጫማ እዚያው ቀርቷል።

መንደሩ ስንገባ የሆነውን ይስሙ። ሰባት ነጭ ለባሽ ከጉም ውስጥ ብቅ ሲል ያዩ ልጆች «መርፌ መጣ!» ብለው እየጮኹ በየጎተራው ሥር ገቡ። እናቶች ደግሞ የክትባት ካርድ ይዘው ወጡ። ዐብዱረሕማን «ዛሬ ለመታከም የመጣነው እኛ ነን» እያለ እየዞረ ያስረዳ ነበር። መንደሩ ሁሉ ተከትሎን ከአያ ቢያዝን ደጅ ደረስን።

እንዳሉኝ አደረግን። ድንጋዩን አንገቴ ላይ ሳደርግ እንደ ልማድ ብቻ ነበር ያሰብሁት። ያ ክብደት ግን አንገትን ዝቅ ሲያደርገው ልብም አብሮ ይወርዳል። የማየው መሬቱንና የአያ ቢያዝንን እግር ብቻ ነበር። እግራቸው አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ መጣ፤ እግራቸው አሁንም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ የእትዬ ዝናሽን ድምፅ ሰማሁ።

«ምነው አንተ ሰውዬ፣ የሰው ልጅ አንገት ግንድ መሰለህ? አውርድላቸው እንጂ።»

መጡና ከእያንዳንዳችን አንገት ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አነሡ። ከሁሉ በፊት የዐብዱረሕማንን፣ ከሁሉ በኋላ የኔን። ከዚያ ቤት አስገቡን፣ አስቀመጡን። እኔ ስለ ደንቡ ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ደንባችሁ ምን አደረገኝ? ለድሃ አፍ መጠንቀቅ ሸጋ ነው። እህሉንም ከሚያስፈልገው አልነፈግሁትም፤ ለእግዜር የወጣ እህል ጎተራ አይመለስም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት አካፍዬው ነው የተመለስሁ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ከሌሊት ጀምሬ ተጉዤ ከፊታችሁ ስቆም ከየት መጣህ ያለኝ የለም። ቁጭ በል ያለኝ የለም። ስሜን እንኳ ለወረቀቱ ነው የጠየቃችሁኝ።»

እውነታቸውን ነው። እንደዚያ ነበርና።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። ፊቴን እያዩ «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «የአወቀ» አልሁ። እትዬ ዝናሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያ ቢያዝን ተነሥተው ራሴን ስመው እንደገና ተቀመጡ፤ የእንባቸውን ትኩሳት ግንባሬ ላይ ሰማሁት። «እንግዲያ እሱ ያለኝ አንቺን ኖሯል» አሉ።

አያ አስማረ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። ለእሳቸውም የማን ልጅ እንደምትቀበላቸው አልነገሩም ነበር ለካ። «የምታውቀው ሰው ይቀበልሃል፤ ስታየው ደስ ይልሃል» ብቻ ብለዋቸዋል። እሳቸውም ማነው እያሉ መንገዱን ሙሉ ሲያስቡ መጡ። እኔ ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ ያዩኝ፣ የሌሎቹንም ፊት በየተራ ያዩት፣ የሚያውቁትን ሰው እየፈለጉ ነበር። እኔ ደንብ እያነበብሁላቸው።

እዚያው ስልኬን አውጥቼ ልደውልልዎ ብል «አስቀምጪው» አሉኝ። «እናንተ ጥፋታችሁን ተሸክማችሁ መጣችሁ፤ ጨርሰናል። ድንጋይ የቀረው እሱ ዘንድ ነው። ስዊድን ሆኖ በስልክ አይሸከመውም። ስንት ዘመኑ ከሄደ? ድርሻውን ለይቼ አስቀምጬ አስቀምጬ ነቀዝ አበላሁ። እስቲ ራሱ ይምጣና ደጄ ላይ ይቁም።» ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም። የናፈቀ ሰው ድምፅ ነበር።

የቀረው የደስታ ነው። በማግስቱ ከየቤቱ በሶው፣ ሽሮው፣ ባቄላው ወጥቶ አይሱዙ ሞላ። አያ ቢያዝን ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው እስከ አዘዞ መጡ። ደንባችንን አልሰረዝነውም፤ አረምነው። የቤት እህል በባለሙያ ይታያል፤ ይሸተታል፣ እርጥበቱና ነቀዙ ይመረመራል፣ ከዚያ እኛው መለያ እንለጥፍበታለን። ፋርማሲስት ያለ መለያ አይሆንለትም። «የዝናሽ በሶ፣ ዳባት ደጋ፣ የኅዳር ገብስ፣ በሐምሌ የተፈጨ» ይላል አንዱ። እታገኘሁ ለመጡት አረጋውያን እዚያው በውኃ በጥብጣ ሰጠቻቸው። አያ ቢያዝን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠው «ከየት ነህ ወንድሜ?» ሲሉ ሰማኋቸው፤ እስኪመሽ ሲያወሩ ዋሉ። ዐብዱረሕማን ቆሞ ያያቸው ነበር። ሌላው ሁሉ ቀርቶ በዚህ ማኅበር አባልነቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በብርዎ ለአረጋውያኑ ክዳን ያለው የበሶ ቅል ልገዛላቸው አስቤያለሁ፤ ይፍቀዱልኝ።

ልጅዎ ትዕግስት


ጎተንበርግ
ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትዕግስት፣

ያሰብሽው ሁሉ ይቅናሽ፣ በወጣሽበት አይክፋሽ። የበሶ ቅሉን ግዢ። ለዝናሽም ነጠላ ጨምሪበት፤ ስትሰጫት ከማን እንደሆነ ንገሪያት።

ደብዳቤሽን አውቶቡሴ ውስጥ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ከወረደ በኋላ አነበብሁት። መርፌ መጣ የሚለው ላይ ሳቅሁ። እንግዲያ እሱ ያለኝ አንቺን ኖሯል የሚለው ላይ ስደርስ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። አያ ቢያዝን ልክ ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሳደርግ፣ አንቺን ስቀየም፣ በልቤ ደንብሽን ስሰድብ ከረምሁ። ሁለት ዘመዳሞችን ድንኳን ውስጥ ያለ ስም ያገናኘሁ እኔ ነኝ። ማስደነቅ እወድ ነበር። ስጦታ ስልክም፣ ስደውልም፣ ከቤት ስወጣም ለማንም ሳልናገር ነው። ከአገር ስወጣ እንኳ ለወንድሜ የነገርሁት ሱዳን ከገባሁ በኋላ ነው።

እናንተ ሰባት ፋርማሲስቶች ያደረጋችሁትን ለማውቀው ሰው ሁሉ እያወራሁ ነው። ለስዊድናዊው ባልደረባዬ ድንጋዩን ለማስረዳት ግን አቃተኝ። «ለመቅጣት ነው?» ይለኛል። አይደለም አልሁት። «ታዲያ ለምንድን ነው?» አለኝ። አንገትህን ደፍተህ ስትጠብቅ ሌላው ሰው መጥቶ እንዲያነሣልህ ነው አልሁት። ይህን ተረዳ።

ትኬት ቆርጫለሁ። ጳጉሜን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እወርዳለሁ። ያን ሌሊት እናንተ ቤት አድሬ ጠዋት ወደ ደጋ እወጣለሁ፤ ዐብዱረሕማን የዛሬውን መንገድ ያውቀዋልና ፈቃዱ ከሆነ ከኔ ጋር ይሂድ። ዘመን መለወጫን ወንድሜ ቤት ልውል ነው።

እንዳትደብቂው ልጄ። ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ ወዲያው ደውዪና ቀኑንም ሰዓቱንም ንገሪው። ማን እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ሁሉንም ንገሪው። ደጁ ላይ ቆሞ ሲያየኝ፣ ማን እንደሆንሁ አስቀድሞ ይወቅ።

ወንድምህ አስማረ ነው በይው።